ጣርማበርም በር ነው

ደብረ ብርሃን፣ ምሽት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣
ብርዱ በበሩ ሥር እንደ ድመት ሲገባ፣
ጣቴን በላፕቶፑ ትንፋሽ እያሞቅኩ፣
አንድ ቀላል ነገር ልሠራ ተቀመጥኩ።

የእህቴ ባል ደምሰው አይሱዙ ይነዳል፣
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ይወጣል፤
ጉሙ ግን ጣርማበር ላይ መንገዱን ይበላል።
እንግዳሸት አለች፣ ከዳገቱ አናት ላይ፣
ቆሎ የምትሸጥ፣ ጉሙን ቀድማ የምታይ።
ትደውልለታለች፣ ጥሪው አይገባም፤
ይደውልላታል፣ በነፋስ አትሰማም።

መጀመሪያ የጻፍኩት የልጅ ጨዋታ ነበር፤
በየሦስት ሴኮንዱ የሚያንኳኳ በር።
«አዲስ ነገር አለ?» «የለም»። ተመልሶ፣
«አሁንስ?» «የለም»። እንደገና ደርሶ፣
ዳታዬን በላው፣ ትዕግሥቴን ጨርሶ።

የመንዝ ሰው እንዲህ አይጠራራም።
መሐል ሜዳ ሳድግ፣ ከገደል ወደ ገደል፣
«ኧረ እንትና ሆይ!» ሲል ሰምቻለሁ ባላገር፤
ሸለቆው ዝም ይላል፤ ከዚያ ቀጠን ብሎ
«ወዬ!» ይመጣል፣ ከማዶ ዘሎ።
ከዚያ ወዲያማ መጣራት የለ፣
አንዱ ሲወረውር አንዱ እየተቀበለ፣
ገብስ ስንት እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወለደች፣
ያቺ መስመር እስኪመሽ ክፍት ሆና ዋለች።

ዌብሶኬት ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም፤
አንዴ ከተጨባበጡ በሩ አይዘጋም።

እናም ጻፍኩ። በር ቁጥር ስምንት ሺህ ሰማንያ፤
ጣርማበርም በር ነው፣ የቆላ የደጋ መለያ።
ሰርቨሬን አዘዝኩት፦
ሲመጣ፣ ስሙን ጠይቅ፤
ሲልክ፣ ለሁሉም አሳውቅ፤
ሲዘጋ፣ ስሙን ፋቅ።
ማንም ባይናገር፣ በየሠላሳ ሴኮንድ
«አለህ?» በል።
ሁለቴ «አለሁ» ካላለ፣
ቁጠረው እንደሌለ።

ያቺን የመጨረሻዋን ሳላስብ ጻፍኳት፤
አጭር ናት፣ ንጹሕ ናት፤ እንዲያውም ወደድኳት።

«ጉም ነው» ብላ እንግዳሸት ብትልከው ወደ እኔ፣
መልሶ ለራሷ ላከው፤ ስህተቱ የኔ።
«እኔማ እያየሁት! ለእሱ ንገሪው» አለች፣
ድምፅ ላከችልኝ፣ በሳቅ እየፈነዳች።
አስተካከልኩት። ሳምንት ሠራ።

ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት።
ሦስት ስም በመስኮቴ፣ ሦስት አረንጓዴ ነጥብ።
«ድፍን ነው፤ እጄ አይታየኝም» ጻፈች እንግዳሸት።
«ደብረ ሲናን አልፌያለሁ፣ በቀስታ፣ በማርሽ ሁለት።»

ከዚያ ምንም።
«አለህ?»
ሠላሳ ሴኮንድ።
«አለህ?»

የኔው እጅ የጻፋት፣ የወደድኳት መስመር
ስሙን ፋቀችው፣ እንደታዘዘች፣ ያለ ብዙ ነገር።

ሁለት ነጥብ ቀረን፤ እኔና እንግዳሸት።
«ምነው ጠፋ?» አለች። ምን ልበላት?
እህቴ ደወለች፤ «አዲስ ነገር አለ?»
«የለም»። ዘጋች። ደግማ ደወለች፤ «አሁንስ?»
ያ ከኮዴ ያባረርኩት የሚያንኳኳው ልጅ
እህቴን መስሎ መጣ፣ ቆመ ከኔ ደጅ።
አሁን በምን አፌ «አታንኳኪ» ልበላት?

አራት ደቂቃ። ሰባት። አሥራ አንድ።
ሰርቨሩ አንድ እንግዳ ስሙን ጠየቀው፣
እንደማያውቀው ሰው፣ እንዳልፋቀው፤
«ደምሰው» አለ።
«ዋሻው ውስጥ ኔትወርክ የለ፤ ፊቴ ደግሞ ተሳቢ ቆሞ ነበር።
ምነው፣ ምን ሆናችሁ? ሽንኩርቱ ደህና ነው።»

ያን ሌሊት ኮዱን መልሼ ከፈትኩት፤
«ፋቅ» ከሚለው በፊት «ቆይ» የሚል አስገባሁት።
ስንት ደቂቃ ይቆይ? ቁጥር ይፈልጋል።
«ዋሻው ስንት ይፈጃል?» ብለው፣ «እንደ ጉሙ» ይላል።

ቁጥሩን ባዶ ትቼ፣ ጋቢዬን ሰበሰብኩ፤
ጠቋሚዋ ከባዶው ቦታ ላይ
ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ ስትል፣
አየኋት፣ አየኋት፤ አልመለስኩላትም።